በመለኪያው ጀርባ የተለጠፈው ዘጠኝ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ የአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእጄ የሚያልፉት ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ከ125 እስከ 200 ሲሲ የሆኑ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ ራዲያተር የሌላቸውና ነፋስ የሚያቀዘቅዛቸው ናቸው። የሙቀት ጌጅም ስለሌላቸው ነጂው ሞተሩ መጋሉን የሚያውቀው በሽታው፣ በድምፁና በጉልበቱ በሚሰማው ወላፈን ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረኝም።

በኅዳር ወር መጨረሻ አንድ ጡረታቸው የተቃረበ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሞተራቸውን እየገፉ ወደ ግቢያችን ገቡ። ሥራቸው የክትባት ሣጥን ከኋላ ጭነው ወደ ሸዋ ሮቢት አካባቢ መውረድና መመለስ ነው፤ ይህም ማለት ከ1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተው፣ ደብረ ሲናን አልፈው፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር መውጣት ማለት ነው። «ከደብረ ሲና ወዲህ ዳገቱ ሲጠና ሞተሩ ይታፈናል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። የጣርማበሩ የመኪና ዋሻ ዘንድ ስደርስማ ዘይቱ የፈላ ይመስለኛል» አሉኝ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ለክተን እናየዋለን» አልኳቸው። አለካኩን ግን ገና አልተማርኩም ነበር።

መጀመሪያ ያነሣሁት በኮሮና ጊዜ በግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ዓይነት፣ ሳይነካ በርቀት የሚለካ መሣሪያ ነው፤ የእኔው ለማሽን የተሠራው ዓይነት ነበር። ጋሼ ግቢውን ጥቂት ጊዜ ዞረው ሞተሩን ካጋሉልኝ በኋላ ቀዩን ነጥብ በፍሪሲዮኑ ክዳን ላይ ሳነጣጥር 43 ዲግሪ አሳየኝ። እጄን ጠጋ ሳደርግ ግን ሊያስነካኝ አልቻለም። 43 ዲግሪ የሆነ ብረት ደግሞ እጅ አይፈጅም። ነገሩ የገባኝ ክዳኑ የተወለወለ አሉሚኒየም መሆኑን ሳስታውስ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት በጨረር መልክ የሚያወጣው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን፣ ይልቁንም በዙሪያው ያለውን ቅዝቃዜ እንደ መስተዋት መልሶ ያሳያል። ከሻይ ጀበናችን ቂጥ ጥላሸት ፍቄ የብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ካጠቆርኩ በኋላ እዚያው ላይ በጣም ተጠግቼ ስለካ 86 ወጣ። በአንድ ክዳን ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት የ43 ዲግሪ ልዩነት መሆኑ ነው። ያም ቢሆን የክዳኑ ቆዳ እንጂ ዘይቱ አይደለም፤ ነፋስ የሚመታው ክዳን ከውስጥ ካለው ዘይት ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላይ ሙቀት የሚያነብ ቴስተርና ቀጭን የቴርሞካፕል ሽቦ፣ ማለትም ጫፉ የነካውን ነገር ሙቀት የሚለካ ሽቦ፣ ተዋስኩ። ከወደቀ ሞተር ላይ የዘይት መሙያ ክዳን ነቅዬ መሐሉን በመሰርሰሪያ በሳሁትና ሽቦውን አሳልፌ ሙቀት በሚችል ሲሊከን ደፈንኩት። የሽቦው ጫፍ በዘይቱ መጠን ማያ ዘንግ ላይ ካለው የታችኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ እንዲል፣ ነገር ግን ብረት እንዳይነካና ወደ ማርሾቹ እንዳይጠጋ አድርጌ በመጠን ቆረጥኩት። ጫፉ ብረት ከነካ የብረቱን፣ ከዘይቱ በላይ ከቀረ ደግሞ የትነቱን ሙቀት ነው የሚነግረን። ቴስተሩንም ታንኩ ላይ ከማሰር ይልቅ በነጂው ደረት ኪስ እንዲያዝ ወሰንኩ፤ ቴርሞካፕል የሚለካው በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ መሣሪያው የራሱን ሙቀት አውቆ ይደምርበታል፤ ራሱ ከሞተሩ በሚወጣ ወላፈን እየተለበለበ ከሆነ ሒሳቡ ይዛባል። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ሁሉ ደህና ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ስህተቱ የመጣው ከጥንቃቄ ነው። የተዋስኩትን ዕቃ ሳላረጋግጥ አልጠቀምም ብዬ በግቢያችን ምድጃ ላይ ውሃ ጣድኩ፤ ውሃው ሲፍለቀለቅ ሽቦውን፣ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ አንጠልጥዬ ብነክረው ንባቡ 91 ላይ ወጥቶ ቆመ። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ እሳቱን ጨመርኩበት፤ 91 ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው ነገር ስለሆነ መሣሪያው 9 ዲግሪ እንደሚያጎድል ደመደምኩ። ነጭ ፕላስተር ቆርጬ በቴስተሩ ጀርባ ለጠፍኩና «9 ይደመር» ብዬ በደማቁ ጻፍኩበት። እንደዚያ ዕለት በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ጋሼ በሞተራቸው፣ እኔ በመኪና ተከትያቸው ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ወጣን። በየተወሰነው ርቀት እየቆሙ ንባቡን ይነግሩኛል፤ እኔም እጽፋለሁ። ከዋሻው ትንሽ እንደቀረን 118 አሉኝ፤ ዘጠኙን ስደምርበት 127 ሆነ። በራሴ ያወጣሁት ደንብ ደግሞ ዘይቱ ከ120 ዲግሪ ያለፈ ሞተር ሳይጠገን ለመስክ አይወጣም የሚል ነበር። በነፋስ ለሚቀዘቅዝ ሞተር በረጅም ዳገት ላይ 120 እና 130 መድረስ ወዲያው የሚገድል ነገር አይደለም፤ ዘይቱ ግን ከተለመደው በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የማርጀቱ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ስለሚነገር ጥብቅ መሆንን መርጬ ነበር።

ሞተሩ ታሰረ። የሲሊንደሩን ማቀዝቀዣ ክንፎች ከጭቃ አጸዳሁ፤ ካንዴላውን ቀየርኩ፤ 10ደብሊው40 የነበረውን ዘይት ደፍቼ ከእሱ የሚወፍረውን 20ደብሊው50 ሞላሁ። ለካሁ፤ 119 ሲደመር 9። ባልቦላውን አስተካከልኩ፤ ለካሁ፤ ያው ነው። በዚህ መካከል በዚያው መለኪያ ሌሎች ሞተሮችንም እየለካሁ ሁለቱን አስቀረሁ። ጋሼ የክትባቱን ሣጥን ይዘው በሕዝብ ማመላለሻ ይወርዱ ጀመር፤ ከመንገድ ወደ ውስጥ ያለውን ደግሞ በእግራቸው። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ የሚቆጡ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተበላሸ መኪና ለማየት ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ዕቃዬ ሁሉ አብሮኝ ነበርና ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ምናልባት ሽቦው በመታጠፍ ብዛት ተበላሽቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ባለቤቷን «እትዬ፣ ይህን ውሃ ደህና አድርገው ያፍሉልኝ፤ የምለካው ነገር አለኝ» አልኳቸው። «ይኸው ይፍለቀለቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?» አሉና ክዳኑን ከፈቱልኝ። ሽቦውን ነከርኩ። 96።

መጀመሪያ የተናደድኩት በመሣሪያው ላይ ነው። ትናንት 9 ያጎድል የነበረ ዕቃ ዛሬ 4 ብቻ የሚያጎድል ከሆነ ምኑ ይታመናል? ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጥሩን አፍጥጬ አየሁት፤ አይወርድም፣ አይወጣም። የተበላሸ ሽቦ ይዋልላል፤ ይህ ግን እንደ ተተከለ ቆሟል። ሴትየዋ ወደ ድስታቸው ዞረው ባቄላውን እያማሰሉ፣ ደብረ ብርሃን ያለች ልጃቸው ጋር ሲሄዱ ያው ባቄላ ግማሽ ቀን እሳት ላይ ውሎ እንደማይበስልላቸው ማውራት ጀመሩ፤ እኔም የጠየቅኳቸው ነገር አልነበረም። ጨዋታቸውን በቅጡ ሳልሰማ አመስግኜ ወጣሁ። ነገሩ የበራልኝ አርማንያን አልፌ ዳገቱ ሲጀምር ነው፤ ባቄላው ደብረ ብርሃን ላይ የሚዘገየው ውሃው ሳይግል ስለሚፈላ ነው።

ሆኖም አንዴ ተሳስቻለሁና በግምት ማመን አልፈለግሁም። ከፍታ የማይለውጠው ሌላ ነጥብ የሚቀልጥ በረዶ ነው። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ ለዚህ አያስቸግርም፤ ማታ በዝርግ ሳህን ውሃ አድርጌ ደጅ አሳደርኩ፤ ጠዋት ውርጩ ሜዳውን አንጥፎ፣ ሳህኑም ላይ የመስኮት መስተዋት የሚመስል በረዶ ሠርቶ ጠበቀኝ። ሰባብሬ በብርጭቆ ሞላሁና እስኪርስ ድረስ ጥቂት ውሃ ጨምሬ፣ ሽቦውን መሐል ላይ ሰክቼ እያማሰልኩ ቆየሁ። ቁጥሩ ወርዶ 0 ላይ ቆመ፤ አልፎ አልፎ 1 ይላል እንጂ ከዚያ አይነቃነቅም። 9 ዲግሪ የሚያጎድል መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ከዜሮ በታች 9 ማሳየት ነበረበት።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ቀደም ብሎ ይፈላል። 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ደብረ ብርሃን ይህ ወደ 91፣ ለሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 96 ያመጣናል። ቴስተሩ ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነበር የተናገረው። ስህተቱ የነበረው እኔ በያዝኩት 100 ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም እንዲፈትሸው አላደረግሁም።

እንግዲያው የጋሼ ሞተር ዘይት ከ118 እና ከ119 አላለፈም ነበር። የተቃጠለው ነገር ሽታ ግን ሐሰት አልነበረም፤ እኔ ዓይኔን ቁጥሩ ላይ ስለተከልኩ አፍንጫቸውን አልሰማሁም። እንደገና ስመረምር የፍሪሲዮኑ ካቦ ልክ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አገኘሁት። እጀታው ካቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል በባዶው መሄድ ይገባዋል፤ የእሳቸው ላይ ያ ርቀት ጨርሶ የለም። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይዝም ነበር፤ ዳገት ላይ ከጭነት ጋር ይንሸራተታል፣ ይፋተጋል፣ ይሸታል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፍሪሲዮኑ የተነከረው ሞተሩ በሚጠቀምበት በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ የፍትጊያው ሙቀት በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባል። መታፈኑ ደግሞ በከፊል የቦታው ነው፤ ጣርማበር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህሉ ስለሚጎድል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ቤንዚን ያበዛል።

ካቦውን በሁለት ቁልፍ፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አላላሁት። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ ከዋሻው በፊት ባለው በዚያው ቦታ 109 ተነበበ፤ ምንም አልደመርኩበትም። ጋሼ ቴስተሩን ከኪሳቸው አውጥተው ገልብጠው ፕላስተሩን ካዩ በኋላ «ይቺ ዘጠኝ ናት ሦስት ሳምንት በእግሬ ያስኬደችኝ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ፕላስተሩን ራሳቸው ልጠው ጣሉት።

እኔም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ዘርግቼ፣ ከኅዳር ጀምሮ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ንባብ በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኝ ዘጠኝ እየቀነስኩ አረምኩ። ያስቀረኋቸው ሁለት ሞተሮች አንዱ 113፣ ሌላው 116 ሆኖ ተገኘ፤ በማግሥቱ ጠዋት ለባለቤቶቻቸው ቁልፋቸውን መለስኩ።