ሜዳ ውስጥ «አንተ» በለኝ

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ የቴኒስ አጣማሪዬ ደሴ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ።

ነጠላ መጫወት ጉልበቴን ሲያሳምመኝ «ለምን ዳብል፣ ሁለት ለሁለት፣ አንሞክርም?» ያሉት እሳቸው ናቸው። የሜዳው ወርድ ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ይሰፋል። ግን ለሁለት ስለሚካፈሉት ሩጫው ይቀንሳል። ዕድሜም ብዙ አይከብድም። ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና በ2024 ከማቲው ኤብደን ጋር የአውስትራሊያ ኦፕንን ሲወስድ 43 ዓመቱ ነበር። በዚያው ሰሞን በጥንድ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ጋሼ ይህን ወሬ ያልነገሩት ሰው ደሴ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ያስቸገረን የመሃሏ ኳስ ናት። በሁለታችን መካከል ስትመጣ እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን። «እርስዎ ይምቷት!» ብዬ እስክጨርስ ኳሷ ከኋላችን ነጥራለች። በመጨረሻ ተቆጡ። «ሜዳ ውስጥ አንተ በለኝ፤ ስንወጣ ታከብረኛለህ!» አሉኝ። መጀመሪያ ምላሴ እምቢ አለ። አሁን «ያንተ!» እላለሁ፤ ሻይ ላይ ስንቀመጥ ግን ወደ እርስዎ እመለሳለሁ።

ሌላውን እየተነጋገርን አስተካከልነው። ሁለታችንም ቀኝ እጅ ስለሆንን የመሃሏ ኳስ በግራ በኩል ለቆመው ናት፤ ፎርሃንዱ፣ ማለትም በቀኝ ጎኑ የሚመታው ምት፣ ወደ መሃል ስለሚውልለት። ሰርቭ (ነጥቡን የሚከፍተውን ምት) ከመምታቴ በፊት ኔት (መረቡ) ላይ ያሉት ጋሼ እጃቸውን ከጀርባቸው አድርገው በጣት ምልክት ያሳዩኛል። ኳሷን ለመጥለፍ ወደ መሃል ይሻገራሉ ወይስ እዚያው ይቆያሉ? ፕሮፌሽናሎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አብረው 16 ግራንድ ስላም (የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች) የወሰዱት መንትያዎቹ ቦብ እና ማይክ ብራያን እንኳ በየነጥቡ መሃል ያወሩ ነበር። መንትያ ካወራ እኛማ!

የቦታው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ከ2,400 በላይ። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ መስመር ውስጥ የምታርፈው ከፍ ያለች ኳስ ደሴ ላይ ውጪ ትወድቃለች። ስለዚህ ደሴ ስንጫወት ከፍ አድርጎ መላክን ትቼ ዝቅ አድርጌ፣ አሽከርክሬ እመታለሁ።

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን ደግሞ የኤቲፒን (የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበርን) የጥንድ ውድድሮች ሕግ ወስደናል። 40 እኩል ሲሆን አንድ ነጥብ ይወስናል፤ የሚቀበሉት ጥንዶች ሰርቩ በየትኛው በኩል እንዲመጣ ይመርጣሉ። አንድ አንድ ሴት (ዙር) ከተካፈልን ሦስተኛ ዙር የለም፤ በምትኩ እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር መለያ፣ ታይብሬክ። ገንዘቡን ብቻ ነው ያልወሰድነው። ለነገሩ እነሱም ቢሆኑ ከነጠላ ተጫዋቾች በእጅጉ ያነሰ ሽልማት ነው ለሁለት የሚካፈሉት። እኛ ተሸናፊው ሻይ ይከፍላል፤ ውዱ ኳሱ ነው።

ደሴ ላይ የሚገጥሙን አብዛኞቹ የጋሼ የድሮ ተማሪዎች ናቸው። ጋሼ ኔት ላይ ከቆሙ ወደ እሳቸው አጠንክሮ መምታት ያፍራሉ፣ ስለዚህ ሁሉንም ወደ እኔ ይልካሉ። ወዴት እንደሚመቱ ካወቅኩ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። እስኪነቁብን ድረስ ጋሼን ከኔት አላነሳቸውም።