ጳውሎስን የጫነችው መርከብና የመርከበኞቹ ሥራ

ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ በወታደሮች ታጅቦ ወደ ሮም የተጓዘበትን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከስብከት ነው። የመልአኩ ቃልና የ276ቱ ሰዎች መትረፍ ይነገራል፤ ገመዱና መልሕቁ ግን ይዘለላል። በሸራ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1848 ባሳተመው ጥናት ምዕራፉን እንደ ጉዞ መዝገብ ቆጥሮ ነፋሱንና ርቀቱን አሰላ፤ ስሌቱም ገጠመለት።

ነገሩ የተበላሸው ከወቅቱ ነው። በሰሜን ምዕራቡ የበጋ ነፋስ ምክንያት ጳውሎስን እንደጫነችው ያሉ የእስክንድርያ የስንዴ መርከቦች በቀጥታ ወደ ሮም አይሄዱም ነበር። መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ በዛሬዋ ቱርክ ወደምትገኘው ሙራ ወጥተው፣ ከዚያ ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ምዕራብ ይገፋሉ። ይህ ጊዜ ይበላል። መርከቢቱ በቀርጤስ ወደ መልካም ወደብ ስትደርስ ጾሙ፣ ማለትም ቤተ እስራኤል አስተስሪዮ የሚሉት የማስተስረያ ቀን፣ አልፎ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ቬጌቲየስ ከሴፕቴምበር 14 በኋላ ያለውን ጉዞ አደገኛ ይለዋል፤ ከኖቬምበር 11 እስከ ማርች 10 ደግሞ ባሕሩ ዝግ ነው።

ያም ሆኖ መርከብ መሪውን ሞኝ ማለት አይገባም። መልካም ወደብ ስሙ ነው እንጂ ለምሥራቅ ነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ለክረምት አይመችም። የተሻለው ወደብ፣ በዚያው በቀርጤስ ያለው ፍንቄ፣ በመልካም ነፋስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለስላሳ የደቡብ ነፋስም ተነሥቶ ነበር። ችግሩ ከመልካም ወደብ በስተ ምዕራብ ያለው የማታላ ርእሰ ምድር (ወደ ባሕር ሾልኮ የገባ መሬት) ነው። እሱ ከታለፈ በኋላ ጠረፉ ወደ ሰሜን ስለሚታጠፍ መርከቢቱ መከለያ የላትም። 2,456 ሜትር ከፍታ ካለው ከኢዳ ተራራ በኩል ድንገት የወረደው የሰሜን ምሥራቅ ዐውሎ ያገኛት እዚያ ላይ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ሸራ መርከብ እንዲህ ያለውን ነፋስ ፊት ለፊት ልትጋፈጠው አትችልም፤ ስለዚህ ለቀቁትና ተነዱ።

ዛሬ ጋቭዶስ የምትባለው ትንሽ ደሴት ለጥቂት ጊዜ ከለለቻቸው፤ መርከበኞቹም አንድ ደቂቃ አላባከኑም። በመጀመሪያ ከኋላ የምትጎተተውን ታንኳ ወደ ላይ አወጡ፤ ማዕበሉ ከመርከቢቱ ጋር እያላተመ ይሰብራትና ለመውረጃ የምትሆን ታንኳ አትኖርም ነበር። ቀጥሎ ወፍራም ገመድ ከፊት በኩል በመርከቢቱ ሆድ ሥር አሳልፈው፣ ወደ መካከል ስበው፣ ጫፍና ጫፉን መርከቢቱ ላይ አጥብቀው አሰሩ። ምክንያቱ ከመርከቢቱ አሠራር ይመጣል። የዚያን ዘመን መርከብ የሚሠራው ሳንቃ ከሳንቃ ጋር በእንጨት ምላስ እየተገጣጠመ ነው፤ ትልቁ ሸራ ደግሞ በአንድ ምሰሶ ላይ ስለሚንጠለጠል፣ መርከቢቱ በተናወጠች ቁጥር ምሰሶው ግጥሚያዎቹን ይከፍታቸዋል። ውኃ ከገባ ስንዴው ይርሳል፣ ያብጣል፣ ሳንቃውን ከውስጥ ይገፋዋል። የስንዴ መርከብን ከማዕበሉ ይልቅ የራሷ ጭነት ሊያፈነዳት ይችላል።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ ብልሃት የሚጠይቀው ነው። ነፋሱን በጀርባቸው ተቀብለው ቢሮጡ መድረሻቸው የሊቢያ አሸዋ፣ ስርቲስ ነበር። ትልቁን ሸራ ከነመስቀያው አውርደው፣ ነፋሱን በቀኝ ጎን ተቀብለው፣ የመርከቢቱን ፊት ወደ ሰሜን አድርገው ተንሳፈፉ። እንዲህ የተያዘች መርከብ ወደፊት እምብዛም አትሄድም፤ በጎኗ ወደ ምዕራብ ትንሸራተታለች። ስሚዝ ፍጥነቷን በ24 ሰዓት 36 የባሕር ማይል ገደማ አደረገው። ከጋቭዶስ መርከቢቱ በመጨረሻ እስከተሰበረችባት እስከ ማልታ ያለውን 476 ማይል ለዚህ ስታካፍለው 13 ቀን ይመጣል፤ መጽሐፉም መሬት መቅረቡ የታወቀው በ14ኛው ሌሊት ነው ይላል። በግራ ጎን ተቀብለውት ቢሆን ወደ አፍሪካ ጠረፍ ይወሰዱ ነበር።

በማግስቱ ከጭነቱ ጣሉ፣ በሦስተኛው ቀን የመርከቢቱን ዕቃ። ስንዴው ሁሉ አለመጣሉ ትክክል ነበር፤ ባዶ መርከብ በማዕበል ላይ ትገለበጣለች።

በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ መሬት መቅረቡን ጠረጠሩ፤ ምናልባት ማዕበሉ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ሰምተው ይሆናል። እርሳስ የታሰረበት ገመድ ጥለው ሲለኩ ጥልቀቱ 37 ሜትር ያህል፣ ትንሽ ቆይተው ሲለኩ 28 ሜትር ሆነ። አራት መልሕቅ ከኋላ ጣሉ። የተለመደው ከፊት መጣል ነው፤ ነገር ግን ከፊት ቢጥሉ መርከቢቱ ዞራ ከዐለት ጋር ልትላተም ትችላለች፣ ጠዋትም እንደገና ወደ ባሕሩ ዳር መዞር ሊኖርባት ነው። ከኋላ ስትያዝ ፊቷ ወደ መሬት እንደሆነ ይነጋል። የጥንቷ መርከብ ኋላዋም እንደ ፊቷ የሾለ ስለነበር ማዕበሉን መሰንጠቅ ይችላል። እንደ ትልቅ መቅዘፊያ ያሉትን ሁለት መሪዎችም ከውኃ አውጥተው አሰሯቸው፤ አለዚያ ከመልሕቁ ገመድ ጋር ይጠላለፉ ነበር።

መርከበኞቹ ከፊትም መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳዋን ማውረድ የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። ሊያመልጡ ነበር። ወታደሮቹ ገመዷን ቆርጠው ለቀቋት። እነዚህ ሰዎች ቢሄዱ በማግስቱ ሸራውን ማን ያነሣ ነበር?

ሲነጋ የቀረውን ስንዴ ጣሉ፤ አሁን መርከቢቱ ስትቀል ወደ ዳር ይበልጥ ትጠጋለች። መልሕቆቹን ለመሳብ ጊዜ ስለሌለ ገመዳቸውን ፈትተው በባሕር ተዉአቸው፤ መሪዎቹን ፈቱ፣ ትንሹን የፊት ሸራ አነሡ። የፊት ሸራ አፍንጫዋን ወደፊት ስለሚስብ አቅጣጫዋን ያስጠብቃል። ሁለት ባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ግን ፊቷ ተተክሎ ቀረ። ኋላዋ ገና በውኃ ላይ ስለነበር ማዕበሉ እያነሣ ጣለው፤ ግጥሚያዎቹም ተለያዩ። መዋኘት የሚችሉት ቀድመው ዘለሉ፣ የቀሩት በሳንቃና በመርከቢቱ ስብርባሪ ላይ ሆነው ወደ ዳር ወጡ።