ሐረጎን ስንወጣ ያወራነው

ኮምቦልቻ ፀሐይዋ በጠዋት ነው ጃኬት የምታስወልቀው። መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን ተቀምጠናል። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ! የቀረው አንድ ሰው!" ይላል። ያ አንድ ሰው ከገባ ቆይቷል፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ ሌሎች ገብተዋል።

አብሮኝ ያለው የአክስቴ ልጅ ፈረንሳይ ውስጥ ኦይስተር እርባታ ላይ የሠራ ሰው ነው። ኦይስተር ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ናት። በከረጢት ተደርጋ፣ ባሕር ዳር ቆጥ ላይ ትረባለች። ፈረንጆቹ ቅርፊቷን ፈልቅቀው፣ ሎሚ ጠብ አድርገው፣ በሕይወት እያለች ይውጧታል። ይኼን ሲነግረኝ ከኋላ የተቀመጡ እናት ሰሙት።

"ኧረ በአላህ! ከነነፍሷ?"

"አብሽሩ እማማ፣ እኔ አልበላሁም" አላቸው። በልቷል። ለእኔ ነግሮኛል።

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ታች አጎበር የሚያስፈልገው ቤተሰብ፣ ላይ ደሴ ያለው ዘመዱ ጋር ሲያድር የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው። የወባ ተሕዋስ ትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ደጋውን ሲጠብቅ የኖረው አጥር ብርዱ ነው። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ አንድ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገበ የወባ መረጃ መርምሮ ነበር። ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታው ይወጣል።

"ኦይስተርም ላይ የሆነው ይኸው ነው" አለኝ የአክስቴ ልጅ። "ልዩነቱ እዚያ ሽቅብ አይወጣም፣ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው።"

አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ደርሞ የሚሉት በሽታ አለ። ጥገኛ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው። ሰው ላይ ጉዳት የለውም፣ ኦይስተሯን ግን ቀስ በቀስ አክስቶ ይገድላታል። ለብዙ ዘመን ከቼሳፒክ ወሽመጥ በስተሰሜን እምብዛም ነበር፤ የክረምቱ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ተሕዋሱን ያዳክመዋል። ክረምቶቹ እየለዘቡ ሲመጡ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዴላዌርን አልፎ እስከ ሜይን ድረስ ታየ።

የአክስቴ ልጅ በዓይኑ ያየው ግን የፈረንሳዩን ነው። በ2008 አዲስ ዓይነት የኦይስተር ሄርፒስ ቫይረስ መጣና ጨቅላ ኦይስተሮቹን ፈጃቸው። ውሃው 16 ዲግሪ ሲያልፍ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቀናት ጉዳይ ነው። ከረጢቱን ስታነሳው፣ አለኝ፣ ቅርፊቱ አፉን ከፍቶ ይንኳኳል፣ ውስጡ ባዶ። ኦይስተር የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም፤ ውሃው 20 ከሆነ እሷም 20 ናት። ሮጣ አታመልጥ ነገር የተጣበቀች ፍጥረት ናት። እንደ ላም አትከትባትም፤ ክትባት የሚያስታውስ የመከላከያ ሥርዓት የላትም። ጸረ ተሕዋስ መድኃኒት ብትል ደግሞ ባሕር ውስጥ ማን ይረጨዋል?

እማማ በመሃል "የሚበላውንስ ሰው አያመውም?" ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቫይረሱ ሰው አይነካም። ቪብሪዮ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ይነካሉ፣ እነሱም ሙቀት ወዳጆች ናቸው። በ2004 አላስካ ውስጥ፣ ያ ሁሉ በረዶ ባለበት አገር፣ የመርከብ ቱሪስቶች ጥሬ ኦይስተር በልተው ታመሙ። በዚያ በጋ የእርባታው ውሃ ከ15 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነበር።

"እኔስ ምን አልኩ!" አሉ እማማ።

ደሴ ስንገባ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ያወለቅነውን ጃኬት መልሰን ለበስን። ፒያሳ አካባቢ ዓሣ ቤት ገባን፣ ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ጥብስ አዘዝን። በእኔ ሚዛን በደንብ የተጠበሰ ዓሣ ከየትኛውም ጥሬ ነገር ይበልጣል፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

የተከራከርነው በሌላ ነው። እኔ ሁሉንም ጥፋት ሙቀቱ ላይ ልደፋ ስል አላስጨረሰኝም። ኤምኤስኤክስ የሚባለው ሌላው ትልቅ የኦይስተር በሽታ በ1957 ዴላዌር ላይ የታየው ከእስያ ተሻግሮ ነው። እዚያ ያለችው ኦይስተር ለምዳዋለች፣ የአሜሪካዋ አላወቀችውም። "ዘር ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዘው ሰው ነው" አለ። "ሙቀቱ የሚያደርገው የመጣው እንግዳ እንዲደላው ነው። እኛም የዓሣ ጫጩት ከአንድ ውሃ ወደ ሌላው ስንወስድ ማን ይመረምራል?"

ዝናቡም አለበት። ድርቅ ሲሆን ወንዝ ይቀንሳል፣ ወሽመጡ ጨው ይበዛበታል፣ ደርሞም ኤምኤስኤክስም ይመቻቸዋል። ዝናብ ሲበዛ ጨው ይቀንሳል፣ ተሕዋሱ ይደክማል። ከልክ ካለፈ ግን ኦይስተሯ ራሷ ጨው አጥታ ትሞታለች። አርቢዎቹ የሄርፒሱን ቫይረስ የሚቋቋም ዝርያ እየመረጡ ማራባት ጀምረዋል፣ አውስትራሊያ ታዝማኒያ ላይ በተለይ። የአክስቴ ልጅ በዚህ ተስፋ አለው። እኔ ደግሞ አንዱን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ሌላውንም ይቋቋማል ማለት አይደለም አልኩት። እሱም አልካደም፣ ሁለተኛ ዓሣ አዘዘ።