የእህቴን ናሙና ይዤ ጅማ ላይ ስዞር

እህቴ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ሲያብጥ ኩላሊት ነው ብለን ነበር። ማታ በጀርባዋ መተኛት አቃታት። 3 ትራስ ደራርባ ተደግፋ ነበር የምታድረው። ኤክስሬይ ስትነሳ ከደረት አጥንቷ ጀርባ ትልቅ እጢ ታየ።

መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ተወሰደላት። ውጤቱ "ተጨማሪ ናሙና ያስፈልጋል" ይላል። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ለካ ቀጭን መርፌ የሚያወጣው ነጠላ ነጠላ ሴሎችን ነው። ሊምፎማ፣ ማለትም የንፍፊት ካንሰር፣ ከሆነ ግን ሴሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ ለማየት ቁራጭ ሥጋ ያስፈልጋል። ቲቢም ቢሆን ደረት ውስጥ እንዲህ ያለ እብጠት ያመጣል። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሌሊት በላብ ያጠምቃሉ። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም።

በመሃል አንድ ክሊኒክ ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚያጎድል መድኃኒት ሰጣት። ፊቷ ጎደለ፣ እኛም ተደሰትን። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ማነው ያዘዘላችሁ?" መድኃኒቱ ሊምፎማን ስለሚያሟሽሸው ናሙናው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል አለን። ናሙና ሳይወሰድ እብጠት የሚያጎድል መድኃኒት ከተሰጣችሁ፣ ከመዋጥ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ቁራጩን ለመውሰድ ቀዶ ጥገና ሲባል እማዬ ደነገጠች። "ደረቷን ሊከፍቱት ነው?" ዶክተሩ አውራ ጣቱን አሳያት። "ከዚች ብዙም አትበልጥም፣ እማማ።" ከደረት አጥንቱ በግራ በኩል፣ ጎድን አጥንቶቹ መሃል ነው የሚገባው። ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጧትም። እጢው የአየር ቧንቧዋን ስለተጫነ፣ ሰውነቷ ከላላ ቧንቧው ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው፣ ቀና አድርገው አስቀምጠዋት ሠሩላት። "ሲጎትቱኝ ይሰማኛል እንጂ አያመኝም" አለችኝ በኋላ።

ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ሥራ ነበር። አስታማሚ ማለት ተላላኪም ጭምር ነው።

ሲስተር 2 ብልቃጥ ሰጠችኝ። አንዱ ፎርማሊን አለው፣ ለፓቶሎጂ፣ ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ክፍል። ሌላው የጨው ውሃ፣ ለቲቢ ምርመራ። ፎርማሊን ሥጋውን ያቆየዋል፤ ባክቴሪያውን ግን ይገድለዋል፣ ስለዚህ ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማየት (ለካልቸር) አይሆንም። ሥጋው ጣት ጥፍር አያክልም፣ ፎርማሊኑ ግን ብልቃጡን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቢያንስ የሥጋውን 10 እጥፍ መሆን አለበት አሉኝ።

እኔ ሞኙ የፓቶሎጂውን አስቀደምኩ። ሰልፍ ነበር፣ ውጪ ደግሞ የጅማ ዝናብ። አንድ ሰዓት ቆሜ ስጨርስ የቲቢ ላብራቶሪው ባለሙያ ብልቃጡን አይቶ "ይሄ ነበር መጀመሪያ መምጣት የነበረበት!" አለኝ። ፎርማሊን ውስጥ ያለው አይቸኩልም፣ የጨው ውሃው ግን ይቸኩላል። ደግነቱ ተቀበለኝ። ስሟ የተጻፈው ክዳኑ ላይ ብቻ እንደሆነም እሱ ነው ያየው። ክዳን ይቀያየራል። እስክሪብቶ ተውሼ ፕላስተር ላይ ጻፍኩና የብልቃጡ ገላ ላይ ለጠፍኩ።

ቲቢ የለም። የፓቶሎጂው ዘግየት ብሎ መጣ፦ ሆጅኪን ሊምፎማ። እማዬ አለቀሰች። ዶክተሩ ግን "ይሄኛው በደንብ የሚታከም ነው" አላት፣ ኬሞም ተጀመረ።

ሁለተኛውን ዙር ጨርሳ ቤት የገባን ዕለት 2 ትራስ መለሰችልኝ።