የደጃፉ መብራት

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የበራችን እጀታ ሲንኳኳ ሰምቼ ነቃሁ። ባለቤቴና ልጆቼ ተኝተዋል። ከመሳቢያው መዶሻ አውጥቼ መብራት ሳላበራ በባዶ እግሬ በሩ ሥር ቆምሁ፤ ከውጭ ቁልፍ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ሲስት፣ እንደገና ሲፈልግ ይሰማኛል። በመጨረሻ መብራቱን አብርቼ፣ ሰንሰለቱን ሳልፈታ በሩን ገርበብ ሳደርገው ከበላያችን ባለው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤታችን ነው፤ ጠጥቶ ፎቁን ተሳስቷል። «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎኝ ደረጃውን ወጣ። እኔ ግን መዶሻውን እንደጨበጥሁ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ የማይወጣው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 መጀመሪያ ላይ ያለው ሕግ ነው። ሌባ ቤት ሰርስሮ ሲገባ ተይዞ ቢመታና ቢሞት የመታው ሰው የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳው አለበት። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ! ቤቱ ያው ቤት፣ ሌባውም ያው ሌባ ሆኖ ሳለ ፍርዱን የለወጠው ብርሃን ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ሕጉን በሚተረጉሙበት መጽሐፍ በታልሙድ፣ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍል፣ ነገሩን የበለጠ አጥብቀው ይዘውታል። ሰው ንብረቱ ሲዘረፍ ዝም ብሎ እንደማያይ ሌባው ስለሚያውቅ፣ ለመግደል ተዘጋጅቶ የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «ሊገድልህ የመጣውን ቀድመህ ግደለው» የሚለው አባባልም የተጠቀሰው እዚሁ ላይ ነው። ፀሐይዋን ግን እንደ እርግጠኝነት ምሳሌ ይወስዷታል፤ የመጣው ሰው ለሕይወትህ ክፉ እንደሚያስብ እንደ ፀሐይ ግልጽ ካልሆነልህ እጅህን ሰብስብ ማለት ነው። የልጁን ቤት ሰርስሮ የገባ አባትን እንኳ ለይተው አንሥተዋል፤ አባት ለልጁ እንደሚራራ የታወቀ ነውና ልጁ ሊገድለው አይፈቀድለትም። እኔ በዚያ ሌሊት ከበሩ ማዶ ማን እንዳለ ምን አውቄ ነበር?

ክርስቲያን ነኝና ጉንጭን ስለ ማዞር የተነገረውን ቃል ዘልዬ ማለፍ አልችልም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ፑብሊኮላ ለተባለ ሰው በጻፈው ደብዳቤ፣ ወታደር ወይም የመንግሥት ሹም ያልሆነ ሰው የራሱን ሕይወት ለማዳን ሲል ሌላውን እንዲገድል አይመክርም። የካቶሊኩ የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱን ከፈት አድርጎታል፤ ሐሳቡ ራስን ማዳን እስከሆነና ኃይሉ ከሚያስፈልገው እስካላለፈ ድረስ መከላከሉ ኃጢአት አይደለም ይላል። እውነቱን ለመናገር የአውግስጢኖስ ጥብቅነት ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ ያሳምነኛል። ልጆቼን ሳስብ ግን አልችልበትም፤ ማዞር የምችለው የራሴን ጉንጭ እንጂ የእነርሱን አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም የሌሎች ሕይወት ኃላፊነት ላለበት ሰው መከላከል መብት ብቻ ሳይሆን ከባድ ግዴታ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ንብረቱን፣ ሕይወቱን፣ ሃይማኖቱን ወይም ቤተሰቡን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ (ሰማዕት) ነው የሚለውን ሐዲስ ጠቀሰልኝ፤ ወዲያው ደግሞ የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሊቃውንት አጥቂውን ከቀላሉ ጀምሮ መመለስን እንደሚያዝዙ አስረዳኝ፦ በቃልና በጩኸት የሚመለስ በእጅ አይመታም፣ በእጅ የሚመለስ በመሣሪያ አይነካም። እኔ የጀመርሁት ከመዶሻው እንደነበር አልሸሸግሁትም። ሳቀብኝ፤ ግን ብዙም አልሳቀ።

ትናንት እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ የሚበራ መብራት ገዝቼ ከበራችን በላይ አሰቀልሁ። ባለቤቴ ሌባ ለማስደንገጥ መስሏት ነበር። ለእኔ ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ ያ መብራት በበራ ቁጥር ማንን እንደምመታ አላየሁም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም፣ የጨለማው ፈቃድ በገዛ እጄ ቀርቶብኛል። መዶሻውን ወደ መሳቢያው መልሼዋለሁ። ሌሊት ብነቃ ሳልዳብስ የማገኘው በስተቀኝ በኩል፣ ከመቀሱ ሥር ነው።