ዳኬዎስን ፊት ለፊት አየሁት

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት መሄድ አላሰኘኝም። በእግሬ ወደ ካፒቶሊን ኮረብታ ወጣሁ። ሮም ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። እዚያ ያለውን ሙዚየም ግን “ሌላ ቀን” እያልኩ ሁልጊዜ አልፈው ነበር።

የነገሥታቱ አዳራሽ የሚባል ክፍል አለ። ዙሪያውን ላይና ታች በሁለት ረድፍ የእብነ በረድ ፊቶች ተደርድረዋል። የሮም ቄሣሮችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። መሀል ላይ እሌኒ ተብላ የምትታወቀው ሐውልት ወንበሯ ላይ ዘና ብላ ተቀምጣለች። በደመራ ሰሞን ስሟን ስንሰማ ያደግነው፣ የቆስጠንጢኖስ እናት። ብቻዬን ቆሜ ደነገጥኩ። እነዚህን ሰዎች እኮ አውቃቸዋለሁ! ከወንጌልና ከስንክሳር አውቃቸዋለሁ። ፊት እንዳላቸው ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

መጀመሪያ አውግስጦስን ፈለግኩ። ዮሴፍና ማርያም ለመመዝገብ ቤተልሔም የወረዱት በእሱ ትእዛዝ ነው። ወጣት ነው፤ በየትኛውም ሐውልቱ ላይ ወጣት ነው። በ14 እ.ኤ.አ. ሲሞት 76 ሊሞላው አንድ ወር ያህል ነበር የቀረው። ድንጋዩ ላይ ግን አንድም ሽበሽባት የለም። በ1863 ከሚስቱ ከሊቪያ ቪላ ፍርስራሽ የወጣውና ዛሬ ቫቲካን ያለው ሐውልቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። እንደ አማልክት ባዶ እግሩን ነው የቆመው። ስዌቶኒየስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ግን ቁመቱ አጭር፣ ጥርሱም የተራራቀና የተበላሸ እንደነበር ጽፎልናል። ቀራጮቹ የግሪኮችን ፍጹም ገላ ወስደው የእሱን ፊት ሰጡት። ያው ፊት እየተገለበጠ በግዛቱ ሁሉ ተበተነ። ግንባሩ ላይ ያሉት የፀጉር ዘለላዎች እንኳ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ሐውልቱን የሚለዩት በእነሱ ነው።

ቬስፓሲያን ጋ ስደርስ ደስ አለኝ። ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ጥጦስ የእሱ ልጅ ነው። ራሰ በራ፣ አንገተ ወፍራም፣ ግንባሩ የታረሰ መሬት የመሰለ። “ይሄ እንኳ አይዋሽም” አልኩ በልቤ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የተጠላው ቄሣር ኔሮን በ68 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት አራት ሰዎች ተፈራርቀው ነገሡ፤ የመጨረሻው ቬስፓሲያን ነው። ከትልቅ ዘር አልተወለደም። ሮማውያን ደግሞ ድሮ የአባቶቻቸውን ፊት በሰም ቀርጸው ቤታቸው ያስቀምጡ፣ ለቀብርም ይዘው ይወጡ ነበር። ለእነሱ የተሸበሸበ ፊት የቁም ነገር ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ያ ሽበሽባት “እኔ ኔሮን አይደለሁም” እያለ ነው። አንዳንዶቹ የቬስፓሲያን ራሶች እንዲያውም መጀመሪያ የኔሮን ነበሩ። ኔሮንን ጠርበው ቬስፓሲያንን አወጡበት!

ሳሎናችን የተሰቀለው የአባቴ ፎቶ ትዝ አለኝ። ፎቶ አንሺው በእጁ አስተካክሎት ጉንጩ ላይ የነበረችውን ጠባሳ አጥፍቷታል። ልጅ ሆኜ ያናድደኝ ነበር። አባቴ ያቺን ጠባሳ አይወዳትም ነበር፤ እኔ ግን ፊቱን የማውቀው በእሷ ነው። ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ በጣም ናፈቀኝ።

ልወጣ ስል ነው ያየሁት። ፀጉሩ እስከ ቆዳው የተከረከመ፣ ጺሙ በመሮ ጫፍ ነካ ነካ ተደርጎ የተሠራ አንድ ሰው። ጉንጩ ጎድጉዷል። ግንባሩ ተኮማትሯል። ከቄሣር ሐድሪያን ዘመን ወዲህ ቀራጮች የዓይን ብሌንን ቆፍረው ማውጣት ለምደው ነበርና የሚያይበት አቅጣጫ ይታወቃል። ወደ ጎን፣ ትንሽ ወደ ላይ ነው የሚያየው። አንድ የሚመጣ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። ስሙን በጣልያንኛ አነበብኩ፤ ትራያኖ ዴቾ ይላል። ዴቾ፣ ዴቾ… ዳኬዎስ!

ስንክሳር ላይ ያሉት ሰባቱ ክርስቲያን ልጆች ኤፌሶን ዋሻ ውስጥ የተደበቁት ከዚህ ቄሣር ሸሽተው ነው። በ250 ገደማ ሰው ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋና ማስረጃ እንዲይዝ ያዘዘው እሱ ነው። ማስረጃዎቹ በፓፒረስ ተጽፈው ከግብፅ ምድር ተገኝተዋል። የነገሠው ከ249 እስከ 251 ብቻ ነው። ጎቶች ከሚባሉ ወራሪ ነገዶች ጋር ሲዋጋ ሞተ። በልጅነቴ በሐሳቤ ስስለው ግዙፍ ነበር፤ ድምፁ ግድግዳ የሚያነቃንቅ፣ ዓይኑ የሚያበራ። እዚህ ያለው ግን እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ነው።

ይሄም ተመርጦ የተቀረጸ ይሆን? ለግዛቱ ሲል የማይተኛ ንጉሥ ሆኖ መታየት ፈልጎ ይሆናል። ከቬስፓሲያን በኋላ ሽበሽባት ዝም ብዬ አላምንም። ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁት፤ ቀራጺው ከታዘዘው በላይ ያየ ይመስለኛል። የግራና የቀኝ ፊቱ እንኳ አይመሳሰልም። እንዲህ አድርገህ ሥራኝ ብሎ የሚያዝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ዛሬ ዳኬዎስን አየሁት።”

“የቱን ዳኬዎስ?”

“የሰባቱን ልጆች። ሐውልቱን። ፊቱን ብታዪው የተጨነቀ ሽማግሌ ነው።”

ዝም አለች። ከጀርባዋ የሰፈራችን ውሾች ሲጮኹ ይሰማኛል።

“እሱም ይፈራ ነበር በለኛ” አለች።