ከብሩ ይልቅ ቀኑ

በየካቲት አጋማሽ በወሎ የመቄትን ወይም የደላንታን የከብት ገበያ የሚያይ ሰው መንግሥት ለተመዘገቡ ችግረኛ የገጠር ቤተሰቦች የሚከፍለው የሴፍቲኔት ክፍያ ገብቶ እንደሆነ መጠየቅ አያሻውም። ከገባ የሴት በግ ወገብ እየዳሰሰ የሚዞር ይበዛል። ካልገባ ያቺው በግ፣ ያውም አርግዛ፣ ለእህል መግዣ ትሸጣለች።

ስለ ገንዘብ ድጋፍ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ላይ ነው፤ ስንት ብር ነው፣ ያኖራል ወይስ አያኖርም። መጠኑ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ የገጠር ቤተሰብ ዘንድሮን አልፎ ከርሞን እንዲያስብ የሚያደርገው ብሩ መቼ እንደሚገባ ማወቁ ነው። ቀኑን ያላወቀ ገበሬ የሚመጣለትን ሁሉ ይበላዋል። ስንፍና ሆኖበት ግን አይደለም፤ እጁ ላይ ያለው ብር የመጨረሻው ይሁን አይሁን ስለማያውቅ ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተነሳበት ሐሳብ ይኸው ነበር። ከዚያ በፊት አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ዝናብ ይጠፋል፣ ጥናት ይደረጋል፣ ለዓለም ጥሪ ይቀርባል፣ ስንዴው ሲደርስ በሬው ተሸጧል። በ1995ቱ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ብዙው ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመትም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴን በረሃብ የሚያልፍ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ ከመቁጠር ይልቅ ለተከታታይ ዓመታት መዝግቦ በየወሩ መክፈል ይሻላል ተባለ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይያዛል። የአንድ ቀን ክፍያ የ3 ኪሎ እህል ዋጋ እንዲሆን የታሰበ በመሆኑ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይሆናል። አምስት ሰው የተመዘገበበት ቤት በወር 25 ቀን፣ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት 6 ወራት 150 ቀን ይሠራል ማለት ነው። ልጆችም አረጋውያንም ይቆጠራሉ እንጂ አይሠሩም፤ እርከኑን፣ ክትሩን፣ የችግኝ ጉድጓዱን የሚሠሩት አዋቂዎቹ ናቸው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው ሥር ሳይሠሩ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋን በጤና ባለሙያ ካረጋገጠች ጀምሮ ቢያንስ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፤ ክፍያዋ አይቋረጥም። ይህን የመጨረሻውን የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ ሰባት ወር የገባት ሴት ድንጋይ ስትሸከም የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የገበሬውን ዘመን ከዚህ ጋር እናስተያየው። መኸር የሚያመርት ቤት እህሉን ኅዳርና ታኅሣሥ ወቅቶ ያስገባል። ጎተራው እስከ መጋቢት፣ ሲበዛ እስከ ሚያዝያ ይይዝለታል። የእህል ዋጋ ጥርና የካቲት ላይ ዝቅ ይላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሰቀላል። የሴፍቲኔት ሥራ ሰኔ ላይ ሲያልቅ ክፉው ወር ገና መግባቱ ነው።

ስለዚህ ስድስቱ ክፍያዎች ቁጥራቸው እኩል ቢሆንም ጥቅማቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ የጥርና የየካቲት ሥራ ክፍያዎች፣ በወቅቱ ከገቡ የሚገቡት ጎተራው ውስጥ ገና እህል እያለ ነው። ቤተሰቡ ሳይራብ ለሌላ ነገር ሊያውላቸው የሚችለው እነዚህን ብቻ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ክፍያ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉሮሮ ይሄዳል። የመጨረሻው ደግሞ ለአረም ወቅት ስንቅና ለመስከረም ደብተር። እንግዲህ የጥር ክፍያ ተጓትቶ ግንቦት ላይ ከሦስት ወር ክፍያ ጋር ተደርቦ ሲገባ በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም፤ ብሩ ሙሉ ነው። ሆኖም ግንቦት ላይ የገባ የጥር ብር ምግብ ነው የሚሆነው። በመሃል የተበደሩት አራጣም ከላዩ ይነሳለታል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች ምን ይደረግባቸው? ብዙ ባለሙያ በግ ይላል። እኛ እህል እንላለን፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነሐሴ ላይ እህል የሌለው ቤት የካቲት ላይ የገዛትን በግ ይሸጣታል፣ ያውም ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋ በወደቀበት ጊዜ። ለአምስት ሰው በወር 75 ኪሎ ቢታሰብ ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ለማለፍ 225 ኪሎ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቀዳሚ ክፍያዎች በቀመሩ መሠረት 150 ኪሎ ይገዛሉ፤ ክፍያው ከገበያው ዋጋ ጋር ከተራመደ በየካቲት ርካሽ ዋጋ ትንሽ ከፍም ሊል ይችላል። ሁለት ሦስተኛው ተሸፈነ ማለት ነው።

ግን የካቲት ላይ የተገዛ ማሽላ ወይም ባቄላ ነሐሴ ድረስ ሳይነቅዝ መቆየት አለበት። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ለሌላው ባለ ሦስት ንብርብሩ ፒክስ ከረጢት ይበጃል። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየር ስለማያሳልፉ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፤ እህሉ ሳይደርቅ ሲገባና አፉ ሦስት ጊዜ መታሰር ሲገባው አንድ ላይ ተጠቅልሎ ሲታሰር። ድርቀቱን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ መናጥና ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፤ ፀሐይ ይፈልጋል። ሲታሰር የውስጠኛው ፕላስቲክ አየሩ ተጨምቆ ይወጣና አፉ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ ይታሰራል፤ ከዚያ ሁለተኛው እንዲሁ፣ መጨረሻ የውጩ ጆንያ። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ አይጥ አንድ ቀዳዳ ካበጀችለት ተራ ጆንያ ሆነ። በየሳምንቱ ፈትቶ እፍኝ መዝገንም ያው ነው፤ አየር ይገባል፣ ነቀዙ ነፍስ ይዘራል።

በጓ በሁለተኛው ዓመት ትምጣ። የሚገዛበት ጊዜ ደግሞ ከክፍያው ጋር ይገጥማል፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ ፈላጊ ስለሌለ ዋጋው ረገብ ይላል። ለእርባታ ከሆነ ሁለት ወይም አራት ቋሚ ጥርስ ያወጣች ትመረጥ፤ አፏን ከፍቶ ሳያዩ የገዙ ብዙዎች አሮጊት በግ ይዘው ገብተዋል። ጡቷን መዳሰስ፣ የዓይኗን ሽፋን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ከነጣ የጉበት ትል ወይም የሆድ ትል ይዟታል። ወደ ሌሎቹ ከመቀላቀሏ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፣ በግና ፍየልን የሚይዘው የደስታ መሰል በሽታ ክትባትም ታግኝ። በግ አምስት ወር ነው የምትሸከመው፤ መጋቢት ላይ የተጠቃች ነሐሴ ላይ ትወልዳለች፣ ሣሩ በሚለመልምበት ጊዜ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በተከታታይ ሲከፈል ነው። በሴፍቲኔቱ የመጀመሪያ ዓመታት ላይ የተደረገ ጥናት አምስት ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤቶችን አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር አወዳድሮ ነበር። የአምስት ዓመቶቹ የችግር ጊዜ በ1.29 ወር አጠረ፤ የእንስሳት ሀብታቸው በ0.38 የሐሩር እንስሳት መለኪያ በለጠ። ይህ መለኪያ አንድ በግን 0.1 አድርጎ ስለሚቆጥር አራት በግ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አራት በግ ትንሽ የሚመስለው አንድም ለሌለው ሳይሆን ለሌላው ነው።

የኬንያውም ተሞክሮ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ለገጠር ቤተሰቦች በስልክ የላከውን ገንዘብ አንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ፣ ሌሎቹ በየወሩ ተቀበሉ። በአንዴ የተቀበሉት ወደ ቆርቆሮ ጣሪያና ወደ ቋሚ ንብረት አዘነበሉ፤ በየወሩ የተቀበሉት ወደ ምግብ። ደስ የሚለው ነገር የታየው በኋላ ለ12 ዓመት በየወሩ እንደሚከፈላቸው በተነገራቸው መንደሮች ነው፤ ሰዎቹ እንደ እኛው እቁብ ያለ ማኅበር ውስጥ መግባት አበዙ። የወሩን ትንሽ ብር ራሳቸው ትልቅ ብር አደረጉት። እቁብ የሚጥል ሰው የሚቀጥለውም ወር እንደሚመጣ ማመን አለበት፤ ክፍያው አስተማማኝ ካልሆነ ማን ደፍሮ ይገባል?

በእኛ አገር ለሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሚመቸው እቁብ በሳምንት ሳይሆን በክፍያ ቀን የሚጣል ነው። ስድስት ክፍያ ስላለ ስድስት ሰው፣ ወይም አሥራ ሁለት ሰው ሆነው በየክፍያው ሁለት ዕጣ። ዕጣውን በዕድል ብቻ ከማውጣት በፍላጎት መደልደልም ይቻላል፤ በግ ፈላጊዋ በጾሙ ወቅት፣ ማዳበሪያ ፈላጊው ግንቦት ላይ። ከ15 እስከ 25 ሰው የሚይዙት የመንደር የቁጠባና ብድር ቡድኖች ሌላ አማራጭ ናቸው። የገንዘባቸው ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ይሆናሉ፣ ሳጥኑ ደግሞ በአራተኛ ሰው ቤት። ሁለቱ ቁልፎች በባልና ሚስት እጅ ከገቡ ሦስት ቁልፍ መሆኑ ቀርቷል።

(ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚልኩ ሰዎችም ይህን ያስቡበት። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ በድንገት የሚላክ ዳጎስ ያለ ብር በበዓሉ ያልቃል። ያንኑ ከፍሎ በየወሩ በታወቀ ቀን መላክ፣ ከዚያም አንዱን ድርሻ ጥር ላይ ለእህል መግዣ ማጠፍ ለላኪው የሚጨምርበት ወጪ የማስተላለፊያው ክፍያ ብቻ ነው።)

አሠራሩን ከሚያበላሹት ነገሮች የዋጋ ንረቱ ከሁሉም ይከፋል። በጅምሩ የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሆነ፤ በዚያው ጊዜ ግን የእህል ዋጋ ከዚያ እጅግ ፈጥኖ ስለሮጠ ጥሬ ገንዘብ ይቀበሉ የነበሩት ስንዴው ይሻለናል አሉ። ትክክል ነበሩ። ብሩ በ3 ኪሎ ቀመር ካልተስተካከለ ገንዘብ ከእህል ይሻላል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ማቅጠን ነው። ለአንድ ቤት አምስት ሰው መመዝገብ ሲገባው ሁሉም ይድረሰው ተብሎ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ይመዘገብለታል። የቀበሌ ሰው ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም ነው። ግን 75 ኪሎው 30 ሲሆን ሁለቱም ቤት ይበላውና ሁለቱም ከርሞ እዚያው ይገኛሉ።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ አለ። የተጠቃሚ ካርዱ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖር አለበት፤ የእሷ ከሌለ ሲፋቱ ወይም እሱ ለሥራ ሲሰደድ ክፍያው ይቆማል። በካርዱ፣ በክፍያ ዝርዝሩና በስልክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም በፊደል አንድ ይሁን፤ በአንዱ ወለተ ማርያም፣ በሌላው ወለቴ ከሆነ ገንዘቡ ይያዛል። ክፍያው በስልክ ከሆነ ሚስጥር ቁጥሩን ለወኪሉ ወይም ለትምህርት ቤት ልጅ መስጠት የተለመደ ነው፤ የተወሰደው ብር ሲጠየቅ ማስረጃ የሚጠፋውም በዚሁ ነው። ለማይጽፉ አረጋውያን ቁጥሩን እንደሚያስታውሱት ዓመተ ምሕረት ማድረግ ይረዳል፤ የራሳቸው የትውልድ ዘመን ግን አይሁን፣ ካርዱ ላይ ሊገኝ ይችላልና። ከክፍያው ላይ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር ወይም መዋጮ በግድ መቁረጥ አይፈቀድም። ከተቆረጠ መሄጃው የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፤ እዚያ ካልሆነ ወረዳ።

የመጨረሻው ምርቃት ነው። ቤተሰቡ ራሱን ችሏል ተብሎ ከዝርዝር መውጣቱ እንዲህ ይባላል፤ ስሙ ያማረ ነው፣ ሲያዩት ግን አንዳንዱ የሚመረቀው ኮታ ለመሙላት ነው። መታየት ያለበት በአንድ ጥሩ መኸር ማግስት በግቢው የታሰረው ከብት ብዛት አይደለም። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ያለ ክፍያው ነሐሴን በራሱ እህል ያልፍ ነበር ወይ? ከብቱ በብድር የተገዛ ከሆነ ዕዳው ተከፍሏል? በቤቱ መሥራት የሚችል ስንት ሰው አለ? ዝርዝሩ ለሕዝብ የሚነበበው ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ እህል እየተወቃ ባለበት ወቅት ስለሆነ ሁሉም ደህና የሚመስለው ያኔ ነው። ስሙ ሲነበብ ያልሰማ ሰው ቅሬታውን ይዞ የሚመጣው ጥር ላይ ለሥራ ሲጠራ ስሙን ሲያጣ ነው፤ ያኔ የዓመቱ ኮታ ተሞልቶ ወረዳ ደርሷል።